ከሰል የቱን የአረቄ ሽታ ያነሳል? የቱንስ ይተዋል?

ጥያቄው፦ «የምጽፈው ከእንጅባራ ነው። እናቴ የዳጉሳ አረቄ ታወጣለች። ደንበኞቿ ይወዱታል። እኔ ግን የጭስ ሽታውና ጉሮሮ የሚፍቀው ነገር ጠፍቶለት እንደ ቮድካ ጥርት ቢል ደስ ይለኛል። ቮድካ በከሰል ይጣራል ሲሉ ሰምቼ የአገራችንን የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ወቀጥኩና ጨርቅ ላይ አድርጌ አንድ ጀሪካን አሳለፍኩበት። መልኩ አመድ መሰለ፣ ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና አለ። አፍንጫ የሚወጋው ሽታ ደግሞ እንዳለ ነው። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ከሰሉስ ሜታኖልን ያወጣል?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። የዓይን ብርሃንና የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ሌላው ይቆየን። ከሰል ሜታኖልን፣ ማለትም መርዛማውን የአልኮል ዓይነት፣ ከአረቄ ለይቶ አያወጣም። የዲከረንሱም አያወጣም፣ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ በውድ የሚሸጠውም አያወጣም። ሜታኖል በጣም ትንሽ ሞለኪውል ነው፣ ከውሃ ጋርም ይስማማል። ከሰሉ ላይ ሳይያዝ ሹልክ ብሎ ያልፋል።

ደግነቱ እናትህ የሚያወጡት የእህል አረቄ ነው። ሜታኖል በብዛት የሚመጣው ፔክቲን ከሚባለው፣ ፍራፍሬ ውስጥ ከሚገኘው ነገር ነው። ከዳጉሳና ከብቅል የሚመጣው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሰው በጅምላ የሚታወረውና የሚሞተው ብዙውን ጊዜ የኢንዱስትሪ ሜታኖል ከውጭ ሲቀላቀልበት ነው። ስለዚህ ከየት እንደመጣ የማታውቀውን አረቄ በከሰል አጥርቼ አድነዋለሁ ብለህ እንዳታስብ። አይድንም። የጠጣ ሰው በማግሥቱ ዓይኑ ብዥ ካለበት፣ ራሱን ክፉኛ ካመመው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ «ሀንጎቨር ነው» ተብሎ አይተኛም። በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ።

አንድ ነገር ልጨምር። «መጀመሪያ የሚወርደውን ከደፋህ ሜታኖሉ በሙሉ ይወጣል» የሚባል ወሬ አለ። ልክ አይደለም። ሜታኖል ብቻውን በ64.7 ዲግሪ ይፈላል፣ እውነት ነው። ከአልኮልና ከውሃ ጋር ሲደባለቅ ግን ከመጀመሪያው ጠብታ እስከ መጨረሻው አብሮ ይወርዳል። የመጀመሪያውን መድፋት ያለብህ በሌላ ምክንያት ነው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ከሰልህ። ሳሙና ሳሙና ያለው አመዱ ነው። የእንጨት አመድ ውስጥ ፖታሲየም ካርቦኔት አለ፤ ድሮ ሳሙና የሚሠራበት ማለት ነው። ስትወቅጠው ያ አመድ ከደቃቁ ብናኝ ጋር ወደ አረቄው ገባ። ጨርቅ ደግሞ ይህን ብናኝ አይዝም። ያጠብከው ቢሆን ኖሮ ግማሹ ችግር ይቃለል ነበር።

ሌላው ግማሽ ግን ከሰሉ ራሱ ነው። በዲከረንስ ከሰል ላይ ምንም ክፉ ነገር አልናገርም። በአዊ ስንት ቤተሰብ የቆመበት ነው፤ ለእሳት አንደኛ ነው። ነገር ግን አፈር ተደፍቶበት በዝግታ የተቃጠለ እንጨት ውስጡ ሬንጅ መሰል ነገር ይቀርበታል። ሬንጁ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ አልፎም የራሱን የጭስ ጣዕም ለአረቄው ይሰጣል። አንተ ጭስ ልታወጣ ጭስ አስገባህበት። በዚያ ላይ ከሰል በዙሪያው ያለውን ሽታ ይስባል። ገበያ ላይ ከጋዝና ከቤንዚን ጀሪካን አጠገብ የከረመ ማዳበሪያ ከሆነ ያንንም ይዞ ይመጣል።

ለመጠጥ የሚሆነው አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው ነው። ከኮኮናት ቅርፊት፣ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ከሰል ይሠራል። ከከሰለ በኋላ እንደገና ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት የውሃ እንፋሎት ይነፋበታል። ያኔ ሬንጁ ይወጣል፣ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች በብዛት ይከፈታሉ። የአንድ ግራም ውስጣዊ ገጽ ቢዘረጋ 1,000 ካሬ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህሉ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ይሸፍናል ማለት ነው። ሽታው የሚጣበቀው እዚያ ገጽ ላይ ነው። ይህ በቤት ምድጃ የሚሠራ ነገር አይደለም። የውሃ ማጣሪያ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ለምግብና ለመጠጥ የሚሆነውን፣ ምንም ኬሚካል ያልተነከረውን፣ ፍሬ ፍሬ ያለውን ጠይቅ። ዱቄቱን ተው፤ ለማጥለል ያሰቃያል።

ተራ ከሰል ጨርሶ አይሠራም ማለቴ ግን አይደለም። ከሰል ሽታና ቀለም እንደሚያነሳ ሎቪትስ የተባለው ኬሚስት በሴንት ፒተርስበርግ ያስተዋለው በ1785 ነው። ሩሲያኖች ቮድካቸውን ለረጅም ጊዜ ያጣሩ የነበረው በበርች እንጨት ከሰል ነው። አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ ጃክ ዳንኤልስ እስከ ዛሬ ውስኪውን 3 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው የሜፕል ከሰል ውስጥ ጠብ ጠብ እያደረገ ያሳልፈዋል። ልብ በል፣ 3 ሜትር። አንተ በአንድ እፍኝ ሞከርከው። እነሱም ቢሆኑ በዚያ የሚያገኙት ለስላሳ ውስኪ ነው እንጂ ቮድካ አይደለም።

ዋናው ነገር ይኼውልህ። ከሰል ሁሉንም ሽታ እኩል አያነሳም። ትልልቁንና ቅባታማውን፣ ከውሃ ጋር የማይስማማውን ይይዛል። ትንንሹንና ከውሃ ጋር የሚስማማውን ይለቃል። የጭስ ሽታ የሚሰጡት ፌኖሎች በጣም ይጣበቁለታል። በመጨረሻ ከሚወርደው ውሃማ አረቄ ጋር የሚመጣው ቅባት ቅባት፣ እርጥብ ካርቶን የመሰለው ሽታም በደንብ ይያዛል። ከባባዶቹ አልኮሎች በከፊል ይያዛሉ። መጀመሪያ ላይ የሚወርደው፣ ኮላ (ማጣበቂያ) ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸተው ግን አሴታልዲሃይድና ኤቲል አሴቴት የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ይተርፋሉ። አፍንጫ የሚወጋው እንዳለ የቀረው ለዚህ ነው። ምርጥ ካርቦን ብትጠቀምም እንዳለ ይቀር ነበር።

የቮድካ ፋብሪካ ይህን ሥራ ለከሰል አይሰጥም። በረጃጅም የማንጠሪያ ማማዎች አልኮሉን ወደ 96 ፐርሰንት ያደርሰዋል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ራሱ ለቮድካ የሚሆነው አልኮል ቢያንስ 96 እንዲሆን ያስገድዳል። በውሃ ቀጥኖ 40 አካባቢ ሲደርስ ከሰሉ የመጨረሻውን ማለስለስ ብቻ ይሠራል። የእኛ ጋንና ቀርቀሃ 96 አያደርስም። ደግመህ ብታወጣው እንኳ አይደርስም። ስለዚህ እውነቱን ልንገርህ፤ የምታገኘው ንጹሕ፣ ለስላሳ ዳግም አረቄ ነው። እኔ ከብዙ ቮድካ እሱን እመርጣለሁ።

እዚያ ለመድረስ ሥራው የሚጀመረው ከድፍድፉ ነው። የጭሱን ምንጭ ፈልግ። የድፍድፉን እንስራ በወይራ ታጥናላችሁ? ለጠላ ግሩም ነው። አረቄው ጭስ እንዳይል ከፈለግህ ግን በግራዋ ማጠቡ ይበቃል፣ ማጠኑን ተዉት። ቂጣው እስኪጠቁር ከተጋገረ ያም ሽታ አብሮ ይወጣል፤ ቡናማ ሲሆን አንሱት። ከሁሉ የሚብሰው ድፍድፉ ከታች ሲያርር ነው። ወፍራሙን እንዳለ ከጨመራችሁት ዝቃጩ ሥሩ ላይ ተጋግሮ ያርራል። አጥልሉት። መፍላት እስኪጀምር እያማሰላችሁ በልኩ እሳት አሙቁት። መቀበያውን ደግሞ ከምድጃው ጭስ አርቁት። ብዙ ቤት ውስጥ ጭሱ የሚገባው ከድፍድፉ ሳይሆን ከምድጃው ወደ መቀበያው ነው።

ጌሾውን አትጠርጥረው። ምሬቱ አይተንም፣ አተላው ላይ ይቀራል። አረቄ መረረ ከተባለ ያረረ ነገር አለ፣ ወይም ጭራውን፣ በመጨረሻ የሚወርደውን ውሃማ አረቄ፣ ብዙ አስወርደውታል።

ቀጥሎ ዳግም ማውጣቱ። የመጀመሪያውን ዙር አረቄ በንጹሕ ውሃ ወደ 30 ፐርሰንት ወይም ከዚያ በታች አውርደው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «አልኮሉን ለምን አቀጥናለሁ?» ይላል። ቅባታማዎቹ ሽታዎች ቀጭን አረቄ ውስጥ ሲሆኑ ቶሎ ስለሚለዩ ነው። ለደኅንነትም ይበጃል። 40 ፐርሰንት አልኮል በ26 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። ምድጃው አጠገብ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ክፍት ቦታ ላይ ሥሩ፣ መቀበያው ከእሳቱ ይራቅ፣ ጋኑ ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሞላ። አረፋ ወጥቶ ቀርቀሃውን ከደፈነው በሊጥ የተመረገው አፍ ይፈነዳል።

ቴርሞሜትር ገዝተህ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርህ። ኢንተርኔት ላይ የምታየው 78 ዲግሪ ለባሕር ጠለል ነው። እንጅባራ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እናንተ ጋ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ንጹሕ አልኮል ደግሞ በ71 ገደማ። ደብረ ማርቆስም እንደዚሁ ነው። 78ን እየጠበቀ የሚሠራ ሰው የደጋ አገር አረቄን በትክክል አይቆርጥም፤ መቁረጥ ማለት መጀመሪያና መጨረሻ የሚወርደውን ከመሐሉ መለየት ነው። ደግሞ ጋኑ ውስጥ ያለው ድብልቅ ስለሆነ አንድ ቁጥር ላይ አይቆምም። አፍንጫ ይበልጣል።

አፍንጫውን እንዲህ ተጠቀምበት። የሚወርደውን በአንድ ጀሪካን አትቀበል። በትንንሽ ብርጭቆዎች በየተራ ተቀበል፣ ፕላስተር ለጥፈህ ቁጥር ጻፍባቸው። ስስ ጨርቅ አልብሰህ አሳድራቸው። ጠዋት ቡና ሳትጠጣ፣ ሽንኩርት ሳትነካ ከየብርጭቆው ትንሽ ወስደህ በእኩል ውሃ አቅጥነህ አሽት። ውሃው የተደበቀውን ሽታ ይገልጠዋል። የመጀመሪያዎቹ ኮላ ኮላ ይላሉ፤ አስወግዳቸው። ቀስ እያለ ሽታው ይሰክናል። መሐል ላይ ዳጉሳው ራሱ ይመጣል፤ የተቆላ እህል፣ ጣፈጥ ያለ። ወደ መጨረሻው እርጥብ ካርቶን፣ ያደረ ልብስ የመሰለ ነገር ይጀምራል። እሱን ለሚቀጥለው ድፍድፍ አቆየው። እጅህ ላይ ጠብ አድርገህ ብታሸውና አልኮሉ ከበነነ በኋላ መዳፍህን ብታሸት የጭራው ሽታ ቆዳህ ላይ ይቀራል። እናትህ ይህን በደመ ነፍስ ያውቁታል። ቁረጡ ያሉህ ቦታ ላይ ቁረጥ።

መቀበያው ወይም ቱቦው መዳብ ከሆነ ጥሩ ነው። መዳብ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ሰልፈር ይይዛል። ግን በየጊዜው በሎሚ ይታጠብ፤ አረንጓዴ ዝገቱ መርዝ ነው። ብየዳው እርሳስ ያለበትን ቱቦ ወይም የመኪና ራዲያተር በፍጹም አትጠቀም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው ካርቦኑ የሚመጣው። አረቄውን መጀመሪያ ወደ 40 ወይም 45 አውርደው። ጠንካራ አልኮል ራሱ ሽታውን ከከሰሉ ላይ ያጥበዋል፣ ማጣራቱ ከንቱ ይሆናል። የምታቀጥንበት ውሃ የዝናብ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘና የሰከነ ይሁን። ኖራ የበዛበት የምንጭ ውሃ ነጭ ዝቃጭ ይጥልበታል። ስታቀጥነው እንደ ወተት ቢደፈርስ ግን ችግሩ ውሃው ላይሆን ይችላል። ጭራ ስለበዛበት ነው። ያን ድፍርስ ካርቦን በደንብ ያነሳዋል።

ፍሬውን ካርቦን በውሃ አፍላው። ድፋና ደግመህ አፍላው። የሚደፋው ውሃ ነጭ ሳህን ላይ ጥቁር ብናኝ መተው እስኪያቆም ድረስ አትታክት። የአንተ ጀሪካን የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለማጣሪያ ስፋቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር የሚበልጥ የማይዝግ ብረት ወይም የመስታወት ቱቦ ፈልግ። ነጩን የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ አትጠቀም፤ አልኮል ከፕላስቲኩ ኬሚካል ይቀዳል። ሥሩን በንጹሕ ጨርቅና በቡና ማጣሪያ ወረቀት እሰረው። ቱቦውን ቀድመህ በውሃ ሙላና ካርቦኑን ውሃው ውስጥ ጨምር። በደረቁ ከጨመርከው አየር ይያዝና አረቄው በአንድ ጥግ መንገድ ሠርቶ ሳይነካው ይወርዳል። ከዚያ አረቄውን ከላይ አፍስስ። ቀድሞ የሚወጣው ውሃ ነው፣ አልኮል አልኮል እስኪሸት ድፋው። አወራረዱ ጠብ ጠብ ይበል። አንድ ሊትር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ካለቀ ፈጥኗል፤ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ይሻላል።

ቱቦ ከመግዛትህ በፊት ግን በሦስት ጠርሙስ ሞክረው። በእያንዳንዱ ግማሽ ግማሽ ሊትር 40 ፐርሰንት አረቄ አድርግ። አንዱን እንዳለ ተወው። ሁለተኛው ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የታጠበ ካርቦን ጨምርና እየነቀነቅክ አንድ ሰዓት አቆየው። ሦስተኛው ላይም ያንኑ ያህል ጨምረህ አንድ ቀን ሙሉ አሳድር። አጥልላቸውና የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማያውቅ ሰው አስቀምሳቸው። ያደረው ሁልጊዜ ይበልጣል ብለህ አትጠብቅ። ካርቦን ከአየር ጋር ሆኖ አልኮሉን ቀስ በቀስ ወደ አሴታልዲሃይድ ይለውጣል። ብዙ ሲቆይ ያንኑ የሸሸኸውን ሹል ሽታ መልሶ ይወልዳል። ሳምንት ሙሉ ከሰል ውስጥ ዘፍዝፉት የሚሉ ሰዎችን አትስማ።

ያን ጊዜ ሌላ ነገርም ትገነዘባለህ። ካርቦኑ ጭሱን ሲያነሳ የዳጉሳውንም መዓዛ ይዞት ይሄዳል። መለየት አይችልም። ይህ ነው የሚያሳስበኝ። ቮድካ ራሱ ጣዕም አልባ አይደለም። የስንዴው፣ የአጃውና የድንቹ ለቀማሽ ይለያያሉ፤ ጥሩ አምራቾች ያችን ቅሪት ለመጠበቅ ይለፋሉ። የጎጃም ዳጉሳ አረቄ ደግሞ መዓዛው ዋናው ሀብቱ ነው። እናትህ ዘንድ ሰው የሚመጣው ለእሱ ነው። አጥበህ አጥበህ ባዶ ካደረግከው ከየትም እህል ሊወጣ የሚችል ነገር ይዘህ ትቀራለህ። የእኔ ምክር፣ ጭሱን ከምንጩ አስቀሩ፣ ራሱን፣ ማለትም መጀመሪያ የሚወርደውን፣ እና ጭራውን ቁረጡ፣ ካርቦኑን ለመሐሉ ሳይሆን ለተረፈው ጭራ ተጠቀሙበት። ጭራው በካርቦን ካለፈ በኋላ ተደግሞ ቢወጣ ጥሩ ነገር ይሰጣል። መሐሉ ግን እንዲሁ ይጠጣ። ለስላሳ የሚፈልግ ደንበኛ ካለ አንድ ሰዓት ካርቦን ያየውን ለይታችሁ አቅርቡለት። እናትህም ቀምሰው ይፍረዱ።

ጠርሙስ ላይ «ቮድካ» ብለህ ለጥፈህ ሱቅ ለማስገባት ካሰብክ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድና የላቦራቶሪ ምርመራ ይፈልጋል። ፈቃዱ ሳይኖር አትሞክረው። ለቤት ቢሆንም አንድ ጊዜ ናሙና ወስዶ ማስመርመር ከቻልክ ብሩ አይቆጭህም።

ካርቦኑ መቼ እንደሚያልቅ የሚነግርህ አፍንጫህ ነው። ከቱቦው ሥር የሚወጣውን ከላይ ከምታፈሰው ጋር እያስተያየህ አሽት። ሁለቱ መመሳሰል ሲጀምሩ ካርቦኑ ጠግቧል። በፈላ ውሃ ደጋግመህ ብታጥበው ትንሽ ያገግማል፣ እንደ አዲስ ግን አይሆንም። አልኮል የጠጣውን ካርቦን ምድጃ ላይ ወይም ኦቨን ውስጥ አድርቄ ልመልሰው ብለህ እንዳትሞክር፤ ቦግ ይላል። በብዙ ውሃ አጥበህ ፀሐይ ላይ አስጣውና ጓሮ ውስጥ ከአፈር ጋር ቀላቅለው።